«የእነሱ ነው» አትበሉኝ!

ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ቻሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ዐረፉ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ደግ፣ ከዕድር የማይቀሩ፣ ሕፃን ባዩ ቁጥር ኪሳቸው ገብተው ከረሜላ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ እጅ ይዛ ገባች። እሷን ያየናት የመጀመሪያ ቀን ነው። ልጁን ግን ሁላችንም ዐወቅነው። የጋሼ ግንባር፣ የጋሼ ዐይን፣ የጋሼ ፍንጭት ሳይቀር!

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ደንግጠው ቀና ብለው አዩ። ወንዶቹ ግን… አቀረቀሩ። ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እስካሁን ከአእምሮዬ የማይወጣው እሱ ነው። ድንገት የደነገጠ ሰው ቀና ይላል እንጂ አያቀረቅርም። ያቀረቀሩት ያውቁ ነበር።

እትዬ፣ ማለትም የጋሼ ባለቤት፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ልጁን ለረዥም ጊዜ አዩትና «ልጁ ምሳ በልቷል?» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ያነበብነው መጽሐፍ ነው። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህን ያህል ረዥም ደብዳቤ» እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ፣ በ1980፣ የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አገኘ። ደራሲዋ መምህርት ነበረች፤ የዘጠኝ ልጆች እናትና ከባሏ የተፋታች ሴት። በ1981 ሞተች። መጽሐፉ አጭር ስለሆነ በሁለት ምሽት ያልቃል። ሐዘኑ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው በለቅሶ ነው። ራማቱላይ የምትባል የዳካር መምህርት ባሏ ሞዱ በልብ ድካም ሞቶባት፣ በእስልምናው ሥርዓት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ተቀምጣ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖራለች፤ ዐሥራ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ለቅሶው ላይ ግን አጠገቧ ሌላ ሚስት ተቀምጣለች። ቢንቱ ትባላለች፤ የገዛ ልጇ የዳባ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት! የሠላሳ ዓመቷም የአምስት ዓመቷም እኩል ይለቀስላቸዋል።

አንብበን ስንጨርስ አንዱ ወዳጃችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሪፍ ነው፤ ግን የእነሱ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ አንድ ለአንድ ነው።»

እኔም ይህችን ጽሑፍ ልጽፍ ቤቴ ገባሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ «እኛ» ማን ነን? በሃይማኖቱም በባህሉም ከአንድ በላይ የሚያገባ ኢትዮጵያዊ ስንት አለ? እሱን እንተወው። «አንድ ለአንድ» ነኝ ስለሚለው ስለ አዲስ አበቤው እናውራ። በእርግጥም በወረቀት አንድ ለአንድ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል። ግን ቋንቋችንን እስቲ ጠይቁት። «ውሽማ»፣ «ቅምጥ»፣ «የውጭ ልጅ»፣ አሁን ደግሞ «ሹገር ዳዲ»። ለሌለ ነገር ይህን ያህል ስም የሚያወጣ ሕዝብ የት አለ?

ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ወንድ ሲያገባ አንድ ለአንድ ይሁን ወይስ ከአንድ በላይ የማግባት መብቱን ይጠብቅ፣ ምርጫውን እንዲያስመዘግብ ታደርጋለች። ይህን የምላችሁ ከአንድ በላይ ማግባትን ላወድስላችሁ አይደለም፤ ማሪያማ ባ ራሷ መጽሐፉን የጻፈችው እሳት ሆና ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሞዱ ሃይማኖቱም ሕጉም እየፈቀደለት እንኳ ለሚስቱ አልነገራትም። በሠርጉ ቀን ከቤት ወጣ። ከዚያ ኢማሙ፣ ወንድሙ ታምሲርና ጓደኛው ማውዶ እንግዳ መስለው መጡና፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አረዷት። ስለዚህ ያቆሰላት የሚስት ብዛት ብቻ አይደለም። ድብብቆሹ ነው። ድብብቆሹ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ወንድም፣ ጓደኛና ሽማግሌ ይጠይቃል።

እኛ ድንኳን ውስጥ ያቀረቀሩትን ወንዶች አስታወሳችኋቸው?

«ያ የድሮ ሰው ነው፤ እኛ በፍቅር ነው የምንጋባው» የምትሉም አላችሁ። እነ ራማቱላይስ? ያ ትውልድ የተማረ ትውልድ ነበር። እናቷ ሌላ ሰው መርጠውላት እሷ ግን ሞዱን አፍቅራ ነው ያገባችው። አይሳቱም እንዲሁ። የአንጥረኛ ልጅ ሆና፣ ከመሳፍንት ዘር ነን የሚሉ እናት ያሉትን ዶክተር ማውዶን በፍቅር አገባች። አማቷ ግን አልረሷትም። ወንድማቸው ዘንድ ሄደው አንዲት ልጅ አመጡ፣ አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ ስትደርስም ለልጃቸው ዳሯት። ዓመታት የፈጀ የበቀል ፕሮጀክት! በፍቅር መጋባት ጥሩ ነው፤ ግን ኢንሹራንስ አይደለም። ዘመናዊ ትዳር ማለት ኬክ ቆርሶ ፎቶ መነሣት ከሆነ እነሞዱም ዘመናዊ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ልምጣ፤ ውይይታችን ላይ ያናደደን ሌላው ነገር እኛው ነን። አይሳቱ ለባሏ ደብዳቤ ጽፋ፣ አራት ወንድ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ፈረንሳይ ሄዳ አስተርጓሚነት ተማረች፤ ኋላም አሜሪካ በአገሯ ኤምባሲ ሠራች። ራማቱላይ ግን ቀረች። እኛም ወዲያው ፈተና ማረም ጀመርን፤ አይሳቱ አለፈች፣ ራማቱላይ ወደቀች። «ለምን አልወጣችም?»

እሺ፣ ጥያቄው ለምንድን ነው ሁልጊዜ ለእሷ የሚቀርበው? ሃያ አምስት ዓመት አብሯት ኖሮ አንድም ቀን ሳይነግራት የሄደው ሰውዬ ለምን አይፈተንም? ደራሲዋ ሁለቱንም ሴቶች ጎን ለጎን አቁማ አንዳቸውንም አልዳኘችም፤ ሁለቱም ከፍለዋል። ደግሞም ራማቱላይ ዝም ብላ አልቀረችም። ታምሲር በአርባኛው ቀን መጥቶ «ላግባሽ» ሲላት የሠላሳ ዓመት ዝምታዋን ፊቱ ላይ ዘረገፈችለት። ያን ገጽ አንብቦ «ደካማ ናት» የሚል ካለ በግሌ ያነጋግረኝ።

ቢንቱንም አትርሱ። እናቷ ከድህነት ለመውጣት ብለው የዳሯት ልጅ ናት። እኛ እንዲህ ዓይነቷን መኪና ውስጥ ስናያት እንስቃለን። የምንስቀው በእሷ ነው፤ መሪውን በያዘው ሰውዬ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዎቼ እለቃለሁ። ራማቱላይ ደመወዝ ነበራት፤ መኪና የምትገዛላት ጓደኛ ነበረቻት። እትዬ ይህ ሁሉ አልነበራቸውም። ቢሆንም ራማቱላይም በቤቱ ጉዳይ አልተረፈችም፤ ሁለቱ ባጠራቀሙት ገንዘብ የተገዛው ቤት በሞዱ ስም ብቻ ነበር፤ ሞዱም ለአዲሷ ሚስቱ ቤት መግዣ ብድር አስያዘው። የእኛ የቤተሰብ ሕግ እዚህ ላይ ይሻላል። በትዳር የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ይላል፤ ቤቱንም አንዱ ብቻውን እንዳይሸጥ፣ እንዳያስይዝ ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። ደግ ሕግ ነው። ግን እትዬ ይህን ሁሉ የሰሙት መቼ ይመስላችኋል? የወራሽነት ማስረጃ ሲወጣ፣ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው። ሕግ የደረሰላቸው ከቀብር በኋላ ነው። ከቀብር በፊት ሊደርሱላቸው ይችሉ የነበሩት ጫማቸውን የሚያዩት ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፣ የጓደኛችሁን ምሥጢር ከምትይዙት ጋር። «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም» ትላላችሁ። ገብታችሁበታል እኮ! ስልክ ሲደወል «አብረን ነን» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የልጁን ልደት ሄዳችሁ ኬክ የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ሄዳችሁ ለሚስቱ ተናገሩ አልልም። ቢያንስ ለእሱ «ንገራት፤ አለዚያ ለእኔ ብለህ አትዋሽ፣ እኔም ላንተ አልዋሽም» በሉት። ይህን ያህል ከባድ ነው?

የዚያን ቀን ልጁ ምሳ አልበላም ነበር። እትዬ ራሳቸው ሰሐን አስመጡለት። ድንኳኑ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ያ ልጅ ምንም ጥፋት እንደሌለበት በመጀመሪያ የገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ከሁላችንም በላይ የተጎዱት እሳቸው። ወንዶቹ እስኪበላ ድረስ ቀና አላሉም።

መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡት። ከዚያ «የእነሱ ነው» የምትሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጫማችሁን እያያችሁ አለመሆኑን አረጋግጡ።

ቸር እንሰንብት።