ጌታ የማይቆጣበት ቀን

ላስታ ውስጥ ገና ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ላሊበላ ነው፤ ቤዛ ኩሉ፣ ነጭ ለብሶ የሚጎርፈው ምእመን፣ የሆቴሉ ዋጋ። አፄ ይኩኖ አምላክ ግድግዳዋ ላይ የተሳሉባት፣ ከአለት የተፈለፈለችው ገነተ ማርያም በበዓሉ ሰሞን እንኳ ብዙ አትነሳም። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ስለ ሜዳው አስባለሁ። ስለ በትሩና ስለ ጥንጉ።

የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሽማግሌ አንዱን ደንብ ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም። ሎሌው ቢገፋው፣ በትሩ ቁርጭምጭሚቱን ቢያገኘው፣ ሲያሸንፍ በግጥም ቢሸነቁጠው ቂም አይያዝም። ስፖርት ሰውን እኩል ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ማስረጃ ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ፤ አይዋጥልኝም። ፈቃጁ ጌታው ነዋ! በማግስቱ ሎሌው እርፉን ይጨብጣል፣ እህሉም ወደ ጌታው ጎተራ ይገባል። የአንድ ቀን ፈቃድ ቀሪውን ዓመት አይለውጠውም፤ እንዲያውም ሎሌውን ያስታግስለታል።

ፈቃድ ሳይጠብቁ በስፖርት ፍትሕን የተሟገቱ ሰው ካስፈለገ ይድነቃቸው ተሰማ አሉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን ካልላክሁ አለች፤ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። የኢትዮጵያ ቡድን በዚህ ምክንያት ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። (ያን ሽንፈት ማንም እንደ ውርደት ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።) ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው የአፓርታይድን ቡድን ከሜዳ ለማራቅ ሲከራከሩ ኖሩ።

ግን ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በ1968 ዓ.ም. የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያል ኦሊምፒክን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ፤ ማርሽ ቀያሪው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ነው። እኔ ያን መውጣት አልነቅፍም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ለደቡብ አፍሪካዎቹ የሶዌቶ ልጆች የተቆረቆረው ደርግ ብዙም ሳይቆይ የአዲስ አበባን ልጆች በቀይ ሽብር መንገድ ላይ ይዘርራቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ ለሎስ አንጀለስና ለሴኡል የቀረንበት ምክንያት ከሰው መብት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። አንዱ ለሶቪየት ኅብረት፣ ሌላው ለሰሜን ኮሪያ አጋርነት ሲባል ነው። በሦስቱም ጊዜ ሯጩን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም።

ፈይሳ ሌሊሳን ከሁሉም የምለየው ለዚህ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ ሰልፈኞች መገደላቸውን የሚቃወሙበት ምልክት ነበር። በዚያው ወር ባሕር ዳር ላይም የሰልፈኛ ደም ፈስሷል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልፈቀደለትም። ዋጋውንም ራሱ ከፈለ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። በሐሳቡ የማይስማማ ሰው እንኳ ያቺን ቅጽበት ሊክዳት አይችልም። ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር አብረው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ዓለም አለቀሰ፤ ቆንጆ ነበር፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ያ ዙር ግን የመጣው ከሠላሳ ዓመት በላይ «አብረን አንጫወትም» ከተባለ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ገነተ ማርያም ልመለስ። በገና ሜዳ ላይ በልማድ የሚራወጡት ወንዶች ናቸው። ሴቷ ጠላውን ጠምቃ፣ ዶሮውን ሠርታ፣ ጊዜ ከተረፋት ከዳር ታያለች። ጌታና ሎሌ በእኩል የሚጋፉበት ያ የተወደሰ ቀን እንኳ እሷን አላካተተም። ወረዳው ለገና ውድድር ዋንጫ ሲያዘጋጅ ለምን የሴቶች ቡድን አይኖርም? ትምህርት ቤቱስ በስፖርት ክፍለ ጊዜ በትሩን ለልጃገረዶች ቢያስይዝ ምን ይጎድልበታል?

ባህል ነው፣ ጨዋታውም ለሴት ይከብዳል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ኦሊምፒክም እንዲህ ሲል ነው የኖረው። የሴቶች ማራቶንን እስከ ሎስ አንጀለስ፣ የሴቶች 10,000 ሜትርን ደግሞ እስከ ሴኡል ድረስ አላስገባም፤ ሁለቱም ሲጀመሩ እኛ በመንግሥት ትእዛዝ ቤታችን ነበርን። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ገና ሁለተኛውን የሴቶች 10,000 ሜትር ነው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን በሁለት ደቂቃ ልዩነት ወሰደችው።