ዓመተ ምሕረቱን ካወቅን በኋላስ?

ዕጩ መምህር ወደ ኅብረተሰብ ትምህርት የማስተማር ዘዴ ኮርስ የሚገባው ራሱ የተማረበትን ልማድ ይዞ ነው፤ ይኸውም መምህሩ ያጽፋል፥ ተማሪው ይሸመድዳል። እኛ ግን ከዚህ ኮርስ እውነተኛ ዕድገት አግኝተናል እንላለን፤ ለማስረጃም የውጫሌን ውል እናንሣ።

ውሉ በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሆነ። ይህን ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን የ17ኛውን አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል ትርጉም ጎን ለጎን ጽፈን፥ «ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ምንስ አስከተለ?» ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ይነቃል። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ ይችላሉ ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። አንድ ቃል ሁለት አገሮችን ወደ ጦርነት እንደሚገፋ ተማሪው ራሱ መርምሮ ይደርስበታል፤ ነገ የሚቀርብለትንም ወረቀት መርምሮ ማንበብ ይለምዳል።

ችግሩ ወዲህ ነው። በልምምድ ጊዜ ነጥብ የምናገኘው ሰሌዳው ስላማረና ክፍሉ ጸጥ ስላለ ከሆነ፥ ፈተናውም ዓመተ ምሕረት ብቻ ከጠየቀ፥ የቀሰምነው ዘዴ ከደብተራችን አይወጣም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ የልምምድ ማስተማራችን ተማሪዎቹ ባነሡት ጥያቄ ጭምር እንዲመዘን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ የገባው ክፍል አይደለምና!