ጠመኔና ቴሌግራም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ መምህሩ ትምህርት እናውጋ። እኔ 26 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የቅርቦቹን ዓመታት ግን ራሴም ተማሪ ሆኜ ነው ያሳለፍኳቸው። በስልክና በኮምፒውተር ማስተማርን ያስተማሩኝ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ፣ የገዛ ልጄና የአንድ ተማሪዬ አያት ናቸው። “አያት ደግሞ ስለ ኦንላይን ትምህርት ምን ታስተምራለች?” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

መጀመሪያ ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዛሬ ልጅ የምታሳድጉ ብዙዎቻችሁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበራችሁ፤ ስለዚህ ፕላዝማን አትረሱትም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ያለነው መምህራን መግቢያና ማጠቃለያ የምንልበት ጥቂት ደቂቃ ይተውልናል። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ቆይቶ “ጨርሳችኋል? በጣም ጥሩ!” ብሎ ያልፋል። እጁን ያወጣ ተማሪ እጁን እንዳወጣ ይቀራል። ፕላዝማ ጥቅም አልነበረውም አልልም። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ በዓይኑ አይቷል። ትልቁ ችግሩ አለመስማቱ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የማይሰማ መምህር ፊት ግን ቢናገሩስ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተብሎ 15ቱ ቀን ወራት ሲሆን፣ “በስልክ አስተምሩ” የሚለውን ቃል የሰማሁት በፕላዝማ ጆሮዬ ነበር። ሌላ ስክሪን መጣ አልኩ። ወጣቱ ባልደረባዬ ግን ቴሌግራም ላይ ቡድን አስከፈተኝ። ልጄ ደግሞ በአማርኛ መጻፊያውን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ የደብተር ገጽ አንስቶ መላክን አሳየችኝ፣ ድምፅ ለመቅዳት የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭኖ መያዝ እንደሚበቃ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን የ1 ደቂቃ ማብራሪያ 7 ጊዜ ነው የቀዳሁት። ተማሪ ፊት ሳይኖር መናገር ግድግዳ እንደ ማናገር ነው። ሲገባቸውም ሲደናገሩም ፊታቸው ይነግረኝ ነበር፤ ስልኩ ግን ፊት የለውም።

ከ62 ተማሪዎቼ ቡድኑ ውስጥ የገቡት 35 ነበሩ። የቀሩት 27ቱስ? መዝገቡን አውጥቼ በየተራ ደወልኩ። አንደኛው ቁጥር ላይ የተማሪው አያት አነሱ።

“እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ትምህርቱን ለምን አይከታተልም?”

“ውይ መምህር፣ ልጁማ ይፈልጋል። ስልኩ ነው ቤት የማይውለው። አባቱ ሾፌር ነው፣ ይዞት ይወጣል፤ የሚገባው ማታ በ2 ሰዓት ነው። እኔ ያለችኝ ይቺ ‘ሄሎ’ ብቻ የምትለዋ ናት።”

ከደወልኩላቸው ቤተሰቦች የብዙዎቹ ነገር ይኸው ነበር። ልጆቹ አልሰነፉም፤ በአንድ ቤት አንድ ስልክ ነው ያለው፣ እሱም የእንጀራ መፈለጊያ ነው። በማግስቱ የትምህርት ሰዓቱን ከረፋዱ ወደ ምሽቱ 2፡30 አዛወርኩት። የምልከውም ተወሰነ፦ አንድ የደብተር ገጽ ፎቶ፣ ሁለት አጫጭር የድምፅ ማብራሪያ፣ 5 ጥያቄ። ቪዲዮ የለም። የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከ1 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ትንሽ ጥቅል የገዛም ይከፍተዋል፤ ቪዲዮ ግን የብዙ ቤተሰብ ካርድ ይበላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 35 የነበሩት 51 ሆኑ። ለቀሩት 11 ልጆች፣ ዘመናዊ ስልክ የሚባል ቤታቸው ለሌለው፣ ጥያቄውን በወረቀት አባዝተን ሰኞ ሰኞ በትምህርት ቤቱ ጥበቃ በኩል እንሰጣቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ አዲስ መሣሪያ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው “ምን ይሠራል?” ብዬ አይደለም። “ማንን ውጭ ያስቀራል?” ብዬ ነው።

የፕላዝማ ጆሮዬን የከፈተችው ደግሞ ሌላ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ከመስከረም እስከ የካቲት ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን ማታ በ4 ሰዓት ለብቻዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ እያንሾካሾከች ነው። “ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው? ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም።” ይህ ጥያቄ 62 ሰው ፊት አይጠየቅም፤ “ይሄም አይገባሽም?” ተብሎ ይሳቃላ! እኔም በድምፅ መለስኩላት፦ “ሱቅ ውስጥ ዱቤ አለብሽ እንበል። ዕዳሽ በየቀኑ 5 ብር ይጨምራል፤ ይህ ኔጌቲቭ 5 ነው። ከ4 ቀን በፊት የነበርሽበትን አስቢ፤ ወደ ኋላ ስለሄድሽ ይህ ኔጌቲቭ 4 ነው። ያን ጊዜ ከዛሬው በስንት ብር ትሻዪ ነበር? በ20! ፖዘቲቭ የሆነው ለዚህ ነው።” ልጅቷ መልእክቱን ስንት ጊዜ መልሳ እንዳዳመጠችው አላውቅም። ማንም ሳያያት ደጋግማ መስማት መቻሏ ግን የሰሌዳው ጠመኔ ሊሰጣት የማይችለው ነገር ነው። ይህኛው ስክሪን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይጠየቃል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ቡድኑን አልዘጋሁትም። ሌሎች መሣሪያዎችንም ጨመርኩ። ጂኦጀብራ የሚባል በነፃ የሚገኝ የሒሳብ መተግበሪያ አለ። ሰሌዳ ላይ አንድ ፓራቦላ አስተካክሎ ለመሣል ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ እዚህ ግን ቁጥሩን በጣት ሲገፉት መስመሩ ሲጠብ፣ ሲሰፋ፣ ሲገለበጥ ይታያል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የፊዚክስ ባልደረባዬ ደግሞ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን ፌት የተባለ የሙከራ ስብስብ በፍላሽ አምጥቶ፣ ሽቦና ባትሪ በሌለበት ክፍል ልጆቹን የኤሌክትሪክ መስመር ያስገጥማቸዋል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው ያለን፤ መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ጠመኔያችን አለች።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። ልጆቻችሁ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስተው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጡታል፤ እሱም በሰከንዶች ውስጥ ከነአሠራሩ ጽፎ ይመልስላቸዋል። ደብተሩ ያምራል፣ መልሱ ልክ ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ የገባ ነገር ግን ላይኖር ይችላል። እዚህ ላይ ነው ቀደም ብዬ ያነሳኋቸው አያት የሚመጡት። ያኔ በዚያው ሰሞን ደግሜ ስደውልላቸው “ልጁ እየሠራ መሆኑን በምን ያውቃሉ?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፦

“ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። ለኔ ለማላውቀው አስረዳኝ እለዋለሁ። መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የልጄን ድምፅ አውቃለሁ። የገባው ነገር ሲያወራ ይፈጥናል፣ ያልገባው ነገር ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።”

ይህንን ዘዴ የክፍሌ ሕግ አደረግኩት። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ጥያቄ መርጦ፣ ሒሳብ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ አድርጎ በ1 ደቂቃ ድምፅ ይልክልኛል። ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የማዳመጥ ሥራ ነው፤ ታክሲ ውስጥም፣ ቡና እስኪፈላም እሰማለሁ። ከወረቀት የሚያነብ ልጅ ድምፁ ያስታውቃል። እዚያ ላይ “ቆይ፣ ቁጥሩን ልቀይርብህና እንደገና ንገረኝ” እለዋለሁ። ማሽኑን መከልከል አልቻልኩም፣ መከልከልም አልፈልግም፤ ያልገባውን እንዲያስረዳው የሚጠይቅ ልጅ ይጠቀምበታል። የምፈልገው መጨረሻ ላይ የልጁን የራሱን ድምፅ መስማት ነው።

ታዲያ ከእናንተ ከወላጆችና ከአያቶች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ “የቤት ሥራህን ጨረስክ?” የሚለውን “አስረዳኝ” በሚለው ተኩት። ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ እንዲያውም ባታውቁት ይሻላል። አያቶች ለዚህ ሥራ ከማንም ትበልጣላችሁ፤ ጊዜም ትዕግሥትም አላችሁ።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ለትምህርት የሚሰጥበት ሰዓትና ቦታ ይኑረው። ቦታው ሳሎን ይሁን፤ አልጋ ላይ አይሁን። ከስልኩ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ ከሌለ ትምህርት እየተካሄደ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ያለው ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ ለመምህሩ ንገሩት። የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኛ መዝገብ ላይ የምናየው “አልተገኘም” የሚለውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፣ ልጃችሁ የገባባቸውን የቴሌግራም ቡድኖች ስም ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን ከሌላው ለዩ። ፈተና ሲቃረብ “መልሱ እጃችን ገብቷል” እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ቻናሎች ይፈላሉ። ከእነሱ የሚገዛ ልጅ ገንዘቡንም የጥናት ጊዜውንም ነው የሚያጣው።

“እኛ ያለዚህ ሁሉ ተምረን ሰው ሆነን የለም ወይ?” የምትሉ አላችሁ። ሆናችኋል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። 12 ዓመት ሙሉ ሲማር የኖረ ልጅ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በዚያ ቀን መሆን የለበትም። ሒሳቡን እያወቀው እጁ ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ የልጃችሁ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ካለው በሩ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ጠይቁ። ተቆልፎ አቧራ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። እኛ መምህራን ስንጠይቅ አንድ ድምፅ ነን፤ እናንተ ስትጨመሩ ግን በሩ ይከፈታል።