ጎማ ለሚያይ ነው ለሚሳፈር?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን አንድ ጋሼን አጅበን ጎማ ልንገዛ ወጣን፡፡ "አጅበን" የምትለዋ ቃል ትንሽ ተጋናለች፤ አራታችንም መኪና የለንም፡፡ ጋሼ የአንዳችን አጎት ናቸው፤ ፕራዶ አላቸው፡፡ ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚያደርሱት ስለት አለባቸው፤ ለእኛም ከኋላ ወንበር ቦታ ተይዞልናል፡፡ ስለዚህ የጎማው ነገር የእሳቸው ኪስ ብቻ ሳይሆን የእኛም አንገት ጉዳይ ነው፡፡

ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ነው፡፡ ጥርሱ አውራ ጣት የሚያህል የጭቃ ጎማ እያንከባለለ አመጣና፣ "ጋሼ፣ ይቺን ቢያስሩባት መኪናዎ ሌላ መኪና ነው የምትሆነው፡፡ ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው" አላቸው፡፡ ጋሼ ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉት፡፡ (ጎማ በእግር መምታት ኢትዮጵያውያን ሁሉ የተካንበት የምርመራ ዘዴ ነው፡፡) ከዚያም "ያስከብራል" ብለው ፈገግ አሉ፡፡

እኛን ያስደነገጠችን ይቺ "ያስከብራል" ናት፡፡ ከተማችን ውስጥ ትልልቅ መኪኖች የሚጫሙት እንደ ሰርግ ጫማ ነው፤ ለተመልካች፡፡ ጎማ ግን ለሚያይ ሰው አይደለም የሚመረጠው፤ ለሚሳፈር ሰው ነው፡፡

እስኪ አስቡት፡፡ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና መንገዱን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ፡፡ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያገሳ፣ ፍሬኑ የፈለገውን ያህል ቢይዝ፣ መጨረሻ ላይ ሥራውን የሚሠሩት እነዚያ አራት መዳፎች ናቸው፡፡

አሁን ደግሞ የቁልቢን መንገድ አስቡት፡፡ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ይበረራል፡፡ ወደ አዋሽ ሲወረድ አስፋልቱ ይግላል፡፡ ከጭሮ ወዲያ የጨርጨር ተራሮች ዳገትና ጥምዝ ከሐምሌ ዝናብ ጋር ይጠብቃሉ፡፡ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛውም አስፋልት፡፡ የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ነው፡፡ እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ርቀት ይፈልጋል፤ ይጮኻል፤ ነዳጅም ይጨምራል፡፡ እርሻ ውስጥ ለሚውል መኪና ይሁንለት፡፡ ዓመቱን ሙሉ ቦሌና ሲኤምሲ ለሚመላለስ፣ አልፎ አልፎም ኮረኮንች ለሚነካ ፕራዶ ግን የአስፋልት ጎማ፣ ቢበዛ ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛው ይበቃዋል፡፡

ሻጩ ፊታችንን አይቶ ሁለተኛ ሐሳብ አመጣ፡፡ "እንግዲያው ይሄን ውሰዱ፣ በጣም ቅናሽ አለው፣ አዲስ ነው፣ መሬት አልነካም፡፡" እውነትም አልነካም፡፡ ፀጉሩ እንኳን አልረገፈም፡፡ ከመካከላችን ጋራዥ አካባቢ ያደገው ልጅ ግን ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን አነበበ፤ 0816፡፡ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ እነዚህ አራት ቁጥሮች የልደት ካርድ ናቸው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ፡፡ 8ኛው ሳምንት፣ 2016፡፡ መሬት ባይነካም አርጅቷል፡፡ ላስቲክ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ይደርቃል፤ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፡፡ ብዙ አምራቾች ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ እንዲወገድ ይመክራሉ፡፡ ይሄኛውም ዕድሜው ገፍቷል፡፡

"ታዲያ ምን ይሆናል?" ለምትሉ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ፡፡ በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያ ጠራ፡፡ ብዙዎቹ የታሰሩት ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ትልቅ መኪና ላይ ነበር፡፡ በሙቀትና በፍጥነት የጎማው ጥርስ ከአካሉ እየተላቀቀ፣ መኪናው እየተገለበጠ፣ የአገሪቱ የትራፊክ ደህንነት ተቋም ከ270 በላይ ሞቶችን ከዚህ ጋር አያያዛቸው፡፡ ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ አላከኩ፤ ከክርክሩ አንዱ ፎርድ ይሙላ ያለው የ26 ፒኤስአይ ነፋስ አንሷል የሚል ነበር፡፡ እነዚያ ጎማዎች ያረጁ ስለሆኑ አልነበረም፡፡ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ረጅም መኪና፣ ሙቀት፣ ጭነትና የሚላቀቅ ጎማ አንድ ላይ ሲገጥሙ ይቅርታ የለም፡፡ ሰባት ሰው ጭኖ በአዋሽ ሙቀት የሚያልፍ ፕራዶም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም፡፡

እርግጥ "ብሩስ?" የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ እናውቃለን፡፡ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል፡፡ እንግዲህ ያሉት ፕራዶዎች ገና ብዙ ይኖራሉ፤ ጎማም ደጋግመው ይለውጣሉ፡፡ ለዚህ ነው መቆጠብን መማር ያለብን፤ ግን ከትክክለኛው ቦታ፡፡ ከስሙ ቆጥቡ፡፡ ከጭቃ ጥርሱ ቆጥቡ፡፡ ቸርኬ ከማስተለቅ ቆጥቡ፡፡ ከዕድሜውና ከሸክም ቁጥሩ ግን አትቆጥቡ፡፡ በጋሼ መኪና ጎማ ላይ 265/65R17 112S ይላል፡፡ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፡፡ ፋብሪካው ከወሰነው ቁጥር መብለጥ ይቻላል፤ መውረድ ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው፡፡

ጋሼ በመጨረሻ ተደራደሩ፡፡ "እሺ፣ ሁለቱን አሁን፣ ሁለቱን ለመስከረም፡፡" ይህም ለእሳቸው መኪና አያዋጣም፡፡ ፕራዶው አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚያሽከረክር ነው፡፡ ሁለቱ ሙሉ፣ ሁለቱ የተላጩ ከሆኑ የዙራቸው መጠን ይለያያል፤ መካከል ላይ ያለው ዲፈረንሻል እረፍት ያጣል፡፡ በጎማ ያተረፉት በጥርስ ጥገና ይወጣል፡፡

ጋሼ ዝም አሉ፡፡ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "ሰባት ነን አይደል የምንሄደው?" አሉና አራት መካከለኛ ጎማ፣ አምና የተመረተ፣ ገዙ፡፡ ጎሚስታው "40 ይበቃል?" ሲል የሾፌሩን በር ከፍተን የተለጠፈውን ቁጥር አሳየነው፡፡ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው እኮ ጣሪያው ነው፤ ልኩ በሩ ላይ ነው ያለው፡፡ እሱም የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፡፡

ልንወጣ ስንል ጎሚስታው አሮጌዎቹን አራቱን እንግዛዎት አላቸው፡፡ "ለማን?" አሉት፡፡ "ገጠር የሚሠራ ሰው አለ፣ ፊት ለፊት ያስራቸዋል፡፡" ጋሼ ጥቂት አሰቡና "አይሆንም፣ ለእኔ ልጆች ያልሆነ ለሰው ልጆች አይሆንም" ብለው አስጭነው ወሰዷቸው፡፡ በነጋታው በረባሶ ለሚሠራ ሰው ሰጡ፡፡

እኛም ለትልልቅ መኪና ባለቤቶች ሁሉ የምንለው ይህንኑ ነው፡፡ አሮጌ ጎማ እግር ላይ ይለቅ፤ ጨርጨር ላይ የሰው ነፍስ ይዞ አይለቅ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡