እርከን በኮታ ይቆጠራል፤ ዝናብ ግን ኮታ አያውቅም!

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ሮብ ገበያ ትገኛለች። ገብስና ድንች አብቃይ ደጋ ናት። ዝናቡ ኃይለኛ፣ መሬቱ ተዳፋት፤ አፈሩም በየክረምቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል። «አፈሩ ይዳን» የሚልን ሰው አንቃወምም። ጥያቄያችን፣ በምን ማስረጃ? የሚል ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነ መሬት ጠረጴዛማ እርከን ካልተሠራበት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። መሬቱን ያስጎዳ ገበሬ የመጠቀም መብቱን ያጣል ተብሎም ተጻፈ። በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተዳፋት አለ፤ ዝናብ ግን የለም! አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። የኛ ጥያቄ ግን ያው ነው።

ሳይንሱ የለም እንዳይባል አለ፤ ያውም እዚያው ጎጃም ውስጥ! በአንጀኒ የምርምር ጣቢያ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ሲለካ ኖሯል። ሥራውን የጀመሩት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። እዚያ የተሠራው ፋንያ ጁ እርከን ውሃ እንዲያቁር ሳይሆን ትርፉን ቀስ አድርጎ እንዲያወጣ ዘመም ተደርጎ ነው።

በኋላም ተመራማሪዎች ትግራይንና አማራን አነጻጽረዋል። የድንጋይ እርከን ዝናብ በሚያጥርበት አገር ምርት ጨመረ፤ ዝናብ በሚበዛበት ግን ያ ጥቅም አልታየም። ነገሩ ግልጥ ነው። ደረቅ መሬት እርጥበት ሲያዝለት ይጠቀማል። ደጋው ላይ ግን መውጫ ያጣ ውሃ ማሳው ላይ ይተኛል።

ታዲያ በየበጋው ዘመቻ ሲያልቅ በሬዲዮ የሚነገረን ምንድነው? ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ! ስንቱ ክረምቱን ተሻገረ? የስንቱ ገበሬ ምርት ጨመረ? እሱ አይነገርም። «ውሃው ይተኛብኛል» ያለ ገበሬ ደግሞ ኋላ ቀር ይባላል። የገበሬው ዓይንና የጣቢያው መለኪያ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፤ የማይሰማው መሀል ያለው ቢሮ ነው።

ስለዚህ እንጠይቃለን። ለየቀበሌው የታዘዘው እርከን የቆመበት የዝናብና የአፈር መረጃ ለገበሬው ይነበብለት። ከክረምት በኋላም ውጤቱ ተለክቶ ይፋ ይውጣ። የከተማ ሰውም «ምን አገባኝ» አይበል፤ እንጀራው ከዚያ አፈር ነው።

አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይላሉ አባቶች። የኛ ሹማምንት ግን ተለክቶ የተቀመጠውን እንኳ ሳያዩ ይቆርጣሉ!