በገና የተሸከመ ብላቴና

የመዝሙረ ዳዊታችን መደምደሚያ የሆነው፣ ከመቶ ኀምሳው ተለይቶ የሚቈጠረው መዝሙር፣ ዳዊት ጎልያድን ድል ስለ ነሣበት ቀን ከመናገሩ አስቀድሞ፣ በአባቱ ቤት ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ ሆኖ በግ ይጠብቅ በነበረበት ጊዜ የዜማ ዕቃውን በገዛ እጁ እንዳበጀ ይተርካል። በቀዳማዊው መጽሐፈ ሳሙኤልም ያንን ብላቴና መጀመሪያ ወደ ሳኦል ቤት ያስገባው በገና መደርደሩ ሲሆን፣ ወንጭፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ዳዊት በየማለዳው በሚደገምበት አገር እየኖርን፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስናስብ ፊደልንና ቍጥርን ዋና፣ የዜማ መሣሪያን ጊዜ ሲተርፍ የሚነካ ጨዋታ አድርገን እንቈጥራለን። ይህ አስተሳሰብ በልጆቻችን ላይ የሚፈጸም በደል መሆኑን፣ በሕፃንነት እጅ የገባ መሣሪያም ለሰው ዕድሜ ልኩን የማይለየው ጠባይ እንደሚሰጠው ለአንባቢ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ምስክር አድርጌ የምጠራው የበገና መምህሩን መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንጦጦ ተወልደው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ስመ ጥሩው የበገና ደርዳሪ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መጥተው ለቤተ ሰባቸው ጎረቤት ሆኑ። አለቃ ተሰማ በገና ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሲሄዱ መሣሪያውን ተሸክሞ የሚከተላቸው ያ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ አለቃም ዋጋ ሳይጠይቁ በገና አስተማሩት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ሸክሙን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር ለየኔታ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ ዜማውንና ቅኔውን እንደሚማር ሁሉ፣ ይህም ብላቴና አንድ አውታር ሳይነካ በፊት፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጠውን መሣሪያ ከግድግዳና ከበር መቃን ጋር እንዳይጋጭ እየተጠነቀቀ ሲሸከም፣ ነገሩ ክቡር መሆኑን ትከሻው አስቀድሞ ተማረ። ዛሬ ለልጆቻችን የጥበብን ክብር በቃል ልናስረዳቸው እንደክማለን፤ አለቃ ተሰማ ግን አሸከሙት።

በገና ከሚማር ልጅ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዘወትር የማይታይ ነገር ያያል። ልጁ ገበቴውን ወደ ራሱ አስጠግቶ፣ ሁለቱ ምሰሶዎች ከራሱ በላይ ቆመው፣ ከበግ አንጀት የተፈተሉትን ዐሥሩን አውታሮች አንድ በአንድ ይቃኛል፤ ቅኝቱ ሲያልቅም ሥራው አላለቀም። በርኩማ በሚባለው ድልድይና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ አለች፤ በገና ያንን ልዩ የሆነ ነዛሪ ድምፅ የሚያሰማው በእርስዋ ምክንያት ነው። እንዚራዋ በጥቂቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሄደች አውታሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ ልጁ ጣቱን አርዝሞ ይገፋታል፣ አውታሩን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደ ገና ይገፋታል። መምህሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዐሥር ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ብቻ መዝሙሩ ይጀመራል። በጣት ሲደረደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመቱት አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ሲሆኑ ቀሪዎቹ ለጣቶቹ ማረፊያ ናቸው። አበው ዐሥሩን አውታሮች በዐሠርቱ ቃላት እየመሰሉ ያስተማሩትን ትርጓሜ ልጁ ከዚህ ጋር ይሰማል፤ ትርጓሜው ግን ወደ ልቡ የሚገባው ጣቶቹ ከለመዱት በኋላ ነው።

የሚዘመረውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በገና በዘፈንና በእስክስታ መካከል የሚገባ አይደለም፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ስለ ዓለም ኀላፊነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሓ የሚዘመርበት ነው። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ልጅ ስለ ሞት መስማቱ እንደማይቀር፣ ነገር ግን በሥርዐትና በጸጥታ፣ ከታላቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ በዜማ የሰማው ልጅ፣ በድንገተኛ ልቅሶ መካከል ብቻ ከሚሰማው ይልቅ ልቡ የጸና እንደሚሆን አምናለሁ።

የአለቃ ተሰማን በገና ይሸከም የነበረው ብላቴና አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የተማረውም ጂኦግራፊ ነበር። ሌላ ሙያና ሌላ እንጀራ ተከፍቶለት ሳለ በገናው አልለቀቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ በተደረገ ቀረጻ ተሳተፈ፣ ከዚያም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት በገና አስተማረ። ደርግ ሥልጣን በያዘበት ዘመን በገና ከራድዮ ስርጭት ታገደ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 የዘለቀው የትምህርት ቤቱ የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። መንግሥት ክፍሉን መዝጋት፣ የአየር ሞገዱንም መከልከል ቻለ፤ ዓለሙ አጋ ግን መደርደሩን አልተዉም። ዘመኑ ተለውጦ በገናቸው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛ ክፍል ሆኖ በባዕድ አገር ሲሰማ፣ የተሰማው በሕፃንነት ከአንድ ጎረቤት የተቀበሉት አደራ ነበር። ትምህርቱን ያገኙት ካደጉ በኋላ በክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ክፍሉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋ እንደ ነበር እጠረጥራለሁ።

በዚህ ነገር ላይ የቀድሞውን ልማዳችንን መውቀስም ግድ ይለኛል። በገና የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ ስለ ነበረ፣ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩት እንደ ነበር ስለሚነገር፣ የጨዋ ልጅ በገና ቢይዝ አይነወርም ነበር፤ ማሲንቆ የያዘውን ልጅ ግን አዝማሪ ብሎ መስደብና ከቤት ማባረር የተለመደ ነበር። በአንድ የጭራ ገመድ ደስታንና ኀዘንን፣ ውዳሴንና ተግሣጽን የሚናገረውን ጥበብ ያህል ነገር በንቀት ዐይን በማየታችን፣ ስንት ልጆች ተሰጥኦዋቸውን ቀብረው ማንነታቸውን ሳያውቁ እንዳረጁ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ያ ስድብ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ልጁ ክራር ሲያነሣ “ትምህርትህን አጥና” የሚል ወላጅ ሞልቷል።

መሣሪያው የግድ የአገር ቤት መሆን አለበት ማለቴም አይደለም። በፒያኖ የታወቁት መነኵሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንን የተዋወቁት በባዕድ ምድር ነው፤ በኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ገና በወጣትነታቸው ዓለምን ንቀው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ ከዚያ ከተመለሱ በኋላ ፒያኖአቸው የቅዱስ ያሬድን ዜማ መዓዛ የያዘ፣ ከአውሮፓም ከአገር ቤትም ተለይቶ የእርሳቸው ብቻ የሆነ ድምፅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተሙት ሸክላ የሚገኘው ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉም ምንኵስናቸውና ፒያኖአቸው እንደ ተስማሙ ነበሩ።

ደስ የሚያሰኘው፣ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል የዜማ መሣሪያ ማሠልጠኛዎች በገና የሚማሩ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ እየበዙ መምጣታቸው ነው። ነገር ግን ይህ ዕድል የሚደርሰው ወላጁ ለሚያውቅና ለሚከፍል ልጅ ነው። በብዙ መደበኛ ትምህርት ቤቶቻችን የጥበብ ትምህርት በወረቀት ተጽፎ ይገኛል፤ ልጁ በእጁ የሚነካው አንድ መሣሪያ ግን የለም። ስለ ክራር የሚጠይቅ ፈተና ክራር ላልነካ ልጅ መስጠት ትምህርት አይባልም።

ስለዚህ የየትምህርት ቤቱን ኀላፊዎችና የወላጆችን ኮሚቴዎች የምለምነው ቀላል ነገር ነው። በየአካባቢያችሁ በገና የሚደረድር፣ ማሲንቆ የሚመታ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ፈልጉ፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያችሁ ጥሩት፤ የድካሙን ዋጋ ክፈሉት፤ ለልጆቹም እንደ እምነታቸውና እንደ ፍላጎታቸው መሣሪያውን እንዲመርጡ ፍቀዱላቸው። ሰውየው ሲመጣ በሩ ላይ የሚቀበለውና መሣሪያውን የሚሸከምለት ከልጆቹ አንዱ ይሁን።