ባልጩት ለቤት ይሆናልን?

ማይንክራፍት የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሙከራ ከወጣ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ጨዋታው ተራራውንም፣ ሜዳውንም፣ ዛፉንም በአንድ ሜትር ኩብ ብሎኮች ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ተጫዋቹም ብሎኮቹን እየፈነቀለና እየደረደረ ጎጆም፣ ግንብም፣ ከተማም ይሠራል። ከእነዚህ ብሎኮች መካከል ጥቁር ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መልክ ያለው አንዱ በተጫዋቾች ዘንድ ልዩ ክብር አለው። እንደ ተራ ድንጋይ በየቦታው አይገኝም፤ ከአልማዝ ወይም ከዚያ ከሚልቅ ነገር ከተሠራ ዶማ በቀር ቆፍሮ የሚያወጣው መሣሪያ የለም፤ ፈንጂም አይበግረውም። ለፍንዳታ ያለው የመቋቋም አቅም በጨዋታው ውስጥ 1200 ተብሎ ሲሰላ የተራው ድንጋይ 6 ብቻ ነው። ንብረቱን ከዘራፊ መጠበቅ የሚሻ ተጫዋች ቤቱን በዚህ ብሎክ ያጥራል። ስሙም ኦብሲድያን ይባላል።

ኦብሲድያን በአማርኛ ባልጩት ነው። ጨዋታውን የለመዱ ወጣቶች የባዕዱን ስም አቀላጥፈው ሲጠሩ እንሰማለን፤ ያው ድንጋይ በገዛ ቋንቋቸው ስም እንዳለው ልብ የሚሉት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስም ማስመለስ አይደለም። ጨዋታው ስለ ጥንካሬ የሚያስተምረው ነገር ስሕተት ነው። ይኸው ስሕተት ደግሞ ጨዋታውን ከቶ አይተውት በማያውቁ ሰዎች ዘንድም ሥር የሰደደ ሲሆን፣ በቆቦና በራያ ቆላ ከተሞች በየጊዜው በሚቆሙት አዳዲስ ግድግዳዎች ላይ ይታያል። አሳቤን የማቀርበው በዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ስሙን ከዚሁ ድንጋይ የወሰደ ባልጪት የሚባል መንደር አለ። ሁለቱም ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በመልካ ቁንጡሬ ስምቢሮ በተባለው ቁፋሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተጠረቡ ከ570 በላይ የባልጩት መሣሪያዎች በአንድ ንጣፍ ውስጥ ተገኝተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በባሌ ተራሮችም ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባልጩት ይፈልጡ የነበሩ ሰዎች ከአርባ ሺሕ ዓመት በፊት በዚያ ብርድ ውስጥ እንደኖሩ ታውቋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች የባልጩት መፋቂያን እስከ እኛ ዘመን አድርሰውታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ባልጩት ቢላዋ ሆኗል፣ የጦር ጫፍ ሆኗል፣ መፋቂያ ሆኗል፤ ግድግዳ ግን አልሆነም። የጥንቱ ሰው ይህን ያደረገው ባለማወቅ አይደለም።

ምክንያቱ በድንጋዩ አፈጣጠር ላይ ነው። ባልጩት ሲሊካ የበዛበት፣ ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ቅልጥ አለት ወደ ገጸ ምድር ወጥቶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ እጅግ ወፍራምና ዝልግልግ ስለሆነ አተሞቹ ተርታ ይዘው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኙም፤ በተዘበራረቁበት ይረጋሉ። (በጨዋታው ውስጥ ውኃ በላቫ ላይ ሲፈስ ወዲያውኑ ኦብሲድያን ይሆናል። በእውነቱ ዓለም ግን ውኃ እንደ ኤርታሌ ባለ ባዛልታዊ ላቫ ላይ ቢፈስ የሚገኘው ስስ የመስታወት ቅርፊት ያለው ባዛልት እንጂ ባልጩት አይደለም።) ክሪስታል የሌለው አካል ውስጥ ስንጥቅ አንዴ ከተነሣ የሚያግደው ነገር አያገኝም፤ እንደ ዛጎል እየጠመዘዘ እስከ ዳር ይሄዳል። ምላጭ የመሰለው የባልጩት ስለት የሚወለደው ከዚህ ባሕርይ ነው። ድንጋዩን ለመሣሪያ ያስመረጠው ጠባይ ለቤት የሚያስጥለው ጠባይ መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

በአማርኛ “ጠንካራ” የምንለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይሸከማል፤ የማይጫረውን፣ የማይሰበረውን፣ ሸክም የሚችለውን። የቁሳቁስ ሳይንስ እነዚህን ለያይቶ ይመረምራል። አለመጫርን ጠጣርነት፣ ስንጥቅን ተቋቁሞ መቆየትን ደግሞ ቻይነት ብንላቸው የሚያግባባን ይመስለኛል። በሞስ የጠጣርነት ሚዛን አልማዝ 10 ሲሆን ባልጩት ከ5 እስከ 5.5 ያገኛል፤ ይህም ከመስኮት መስታወት ጋር ተመሳሳይ ነው። በቻይነት ግን ባልጩት ከድንጋዮች ሁሉ ግርጌ ከሚሰለፉት ወገን ነው። ዘላቂነቱም ቢሆን እንደሚታሰበው አይደለም፤ መስታወት በመሆኑ ውኃን ቀስ በቀስ እየመጠጠ ይለወጣል፣ ከጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት በላይ ባልጩት ሆኖ የቆየ ባልጩትም እምብዛም አይገኝም። ይህ ዕድሜ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ መሆኑን አልክድም።

የጨዋታው ትልቁ ስሕተት ግን ድንጋይ መምረጡ ላይ አይደለም። ጨዋታው ክብደትን አያውቅም። አንድ ሜትር ኩብ ባልጩት 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ተጫዋቹ ግን በኪሱ 2304 ብሎክ፣ ማለትም ከ5500 ቶን በላይ ይዞ ይሮጣል፤ ይዋኛልም። አሸዋንና ጠጠርን ከመሳሰሉ ጥቂቶች በቀር ብሎኮች አይወድቁም፤ ግድግዳው ቢፈርስ ጣሪያው በአየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ስለዚህ በጨዋታው ሕግ የቤት ጥንካሬ የብሎኩ ጥንካሬ ብቻ ነው። ብሎክና ብሎክ እንዴት እንደተያያዙ የሚጠይቅ ጥያቄ ከቶ አይነሣም። በእውነተኛ ቤት ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። ቆቦ ከተማ በምዕራብ ከላስታ በሚወርደው ገደል፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ፣ 1500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ተቀምጣለች። ተራሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን ኢትዮጵያን ካለበሰው የባዛልት ጎርፍ የቀሩ ናቸው። ሜዳው ደግሞ የአፋር ስምጥ ሲከፈት በጠርዙ ላይ ከሰጠሙት ቁራጮች አንዱ ሲሆን፣ ጎሊና፣ ሆርማትና ሌሎችም ወንዞች በዘመናት ብዛት ባወረዱት ደለል፣ አሸዋና ጠጠር ተሞልቷል። ማሽላው የሚያምርበት በዚህ ደለል ምክንያት ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃውም የተጠራቀመው በዚሁ ውስጥ ነው። ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት በወንዞቹ መውረጃ በገፍ ይገኛል። ባዛልት በጥቃቅን ክሪስታሎች የተጠላለፈ ስለሆነ ስንጥቅ በየእርምጃው እንቅፋት ያገኝበታል፤ ለመሠረት ከባልጩት በብዙ ይሻላል። በተጫዋቾች ዘንድ የተናቀው ተራ ድንጋይ ለእኛ የከበረው ነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና ጥሩ ድንጋይ ብቻውን ጥሩ ቤት አይሆንም። የቆላው ነባር ቤት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ ማገር በአግድም እየተጠፈረ ዙሪያውን ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ጭድ ገብቶበት የተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ጭቃው በየቦታው ቢሰነጠቅም ጭዱ የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች ይዞ ያቆያል፤ ማገሩ ደግሞ ግድግዳውን በሙሉ እንደ ቅርጫት ያቅፈዋል። የዛሬ መሐንዲሶች በክር የተጠናከረ ውሑድ ቁስ የሚሉትን ነገር አያቶቻችን በእግራቸው ይረግጡት ነበር። የጭቃ ቤት ጠላቱ ሌላ ነው፤ ምስጥ ነው። ወይራና ጥድ እንደ ልብ ይገኙ በነበረበት ዘመን ምስጥ ብዙ አያስቸግርም ነበር። ዛሬ በእነርሱ ፋንታ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ግን በቆላ አፈር ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው።

ይህ የማሰር ጥበብ ለድሃ ቤት ብቻ የተተወ አልነበረም። ከቆቦ በስተምዕራብ በላስታ ዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በአግድም ከተዘረጉ እንጨቶችና ከነጭ ግንብ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ሲሆን፣ አግድሞቹን የሚያያይዙትና ጫፋቸው ከግድግዳው የሚወጣው ግንዶች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ብዙዎች እንደ ጌጥ ያዩአቸዋል። እኔ ግን በቅድሚያ እንደ ማሰሪያ አያቸዋለሁ፤ ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይለቃል፤ መሳብን የሚችለው እንጨት ነውና። (ላሊበላን ለምን አላነሣህም የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ባዛልታዊ አለት የተቀረጹ ስለሆኑ ከመጀመሪያውም የሚታሰር ብሎክ የላቸውም።)

በአሁኑ ጊዜ በቆላው ከተሞች ገንዘብ ያገኘ ሰው የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል። ምስጡን በማሰብ ከሆነ ልክ ነው፤ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ከጭቃው ጋር ማገሩም አብሮ የሚጣልበትን አሠራር ነው። ብሎኬት ከሲሚንቶና ከጠጠር የተሠራ ጠጣር ግን ተሰባሪ ነገር ነው፤ በጠባዩ ከጭቃና ከጭድ ይልቅ ወደ ባልጩት ይቀርባል። ማገርን በብሎኬት ቤት ውስጥ የሚተካው ፌሮ ነው፤ በማእዘኖቹ የሚቆሙ ፌሮ ያላቸው ኮለኖች፣ ከመሠረቱ በላይ የሚዞር ግሬድ ቢም፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ግንበኞቻችን ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት ማሰሪያ። ወጪ ሲያጥር በቅድሚያ የሚቀነሰው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከልስኑ በኋላ አይታይምና። ባለቤቱ “ቤቴ ብሎኬት ነው” ብሎ በሰላም ይተኛል። ከመስኮት ማእዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣውን ስንጥቅ ሲያይም በላዩ ላይ ሲሚንቶ ያስለስናል።

ይህ ነገር ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ሥፍራው ስምጥ ጠርዝ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1961 በዚሁ የምዕራብ አፋር ጠርዝ፣ ከቆቦ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ክፉኛ ፈራርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰርዶ በአፋር ወድማለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጥናት ተቋምን የመሠረቱት ፒየር ጉዋን እነዚህንና ሌሎችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ተንቀጥቅጦ፣ የአንዱ ነውጥ መጠን 6 ደርሶ ነበር። ፈንታሌ ራሱ የባልጩት ተራራ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ። የራያ ሜዳ ደለል ደግሞ ነገሩን ያብሳል፤ ለስላሳ ንጣፍ ከጠጣር አለት ይልቅ ንቅናቄን አጉልቶ ያስተላልፋል። ነውጥ ሲመጣ ግድግዳን ወደ ጎን ይገፋል፣ ይስባልም፤ ያን ጊዜ ያልታሰረ ብሎኬት ከጭቃው ይልቅ ከባድ ሆኖ ይወርዳል።

ጨዋታው ይከልከል የሚል አሳብ የለኝም። እንዲያውም የፊዚክስ መምህር ሊያገኘው የሚችል መልካም መግቢያ ነው፤ ተማሪው በፈቃዱ ስለ ድንጋይ የሚያወራበት ሌላ ሥፍራ አላውቅም። በቆቦም ሆነ በሌላ ከተማ የሚያስተምር መምህር ያለ ቤተ ሙከራ ሊያደርገው የሚችል አንድ ሙከራ ልጠቁም። ከአንድ ጉድጓድ በተቆፈረ አፈር ሁለት ዘንግ መሰል ጡቦች ይሠሩ፤ አንዱ ያለ ጭድ፣ ሌላው በጣት ርዝመት የተቆረጠ የጤፍ ጭድ ገብቶበት። ሁለት ሳምንት በጥላ ይድረቁ። ከዚያም እያንዳንዱን ጡብ ጫፍና ጫፉን በሁለት ድንጋዮች ላይ አስቀምጦ፣ በመካከሉ ባልዲ በገመድ ማንጠልጠልና አሸዋ በጣሳ እየለኩ መጨመር ነው። ጭድ የሌለው ጡብ ምንም ምልክት ሳያሳይ ድንገት ለሁለት ይከፈላል። ሁለተኛው መጀመሪያ ከሥሩ በስስ መስመር ይሰነጠቃል፤ ባልዲው ግን አይወድቅም፤ ተማሪዎቹም በስንጥቁ ውስጥ ተወጥሮ የያዘውን ጭድ ለማየት ጎንበስ ለማለት ጊዜ ያገኛሉ።